ያልወለደች አራስ

ከአዲስ አበባ ተመልሼ ፍኖተ ሰላም ቤቴ በገባሁ ማግስት አማቴ ከሽንዲ መጡ። የመኝታ ቤቴ መስኮት ወደ ግቢው በር ስለሚያሳይ ገና ደጁ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየኋቸው። ባለቤቴ ሮጦ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሳመና የያዙትን ተቀበላቸው። አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄት፣ በቅል የተሞላ ቅቤ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ዕቃውን ሳይ ምን አስበው እንደመጡ ገባኝ። የአራስ ስንቅ ነበር።

ገብተው አልጋዬ አጠገብ ቆሙ። ቀና ልል ስል "ተይ ተይ፣ እንዳትነሺ" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉ።

ይህ ቃል ለማን እንደሚባል በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ወልዳ በሰላም ለተገላገለች ሴት ነው። እኔ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ልጅ አላገኘንም። እሳቸውም ቃሉን ከአፋቸው ካወጡት በኋላ ነው የሰሙት መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ባለቤቴ ዶሮዋን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ።

"ምን ልበል ልጄ?" አሉ በመጨረሻ። "ሆዷ ተከፍቶ ለተኛች ሴት ሌላ የሚባል አላውቅም።"

"ደግ ብለዋል እናቴ" አልኳቸው። "በእውነትም ምራኛለች።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። የእኔ የአራስነት ወራት እንዲህ ጀመረ።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ቆሽት ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ፣ ኢንሱሊን ደግሞ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋስ እንደሚያስገባ ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የራሴ ቆሽት ሥራው እያቃተው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ውሃ ይጠማኝ ነበር፤ ሽንት እያመላለሰኝ ክፍል ውስጥ መቆም ያቅተኝ ነበር። ሙቀቱ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ አሳልፈው ነበር። ውፍረቴንም ማንም ክፉ ነገር ብሎኝ አያውቅም። ጅጋ ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ዘመዶቼ ክንዴን ጨብጠው "እሰይ! እንዲህ ይመችሽ!" ይሉኛል። በእኛ ዘንድ የከሳ ሰው ነው የሚታዘንለት።

ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ መጀመሪያ ኪኒን ተሰጠኝ፣ ኪኒኑ አልበቃ ሲል መርፌ። መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከውሃ እንስራው ሥር አስቀምጠዋለሁ። መንገድ በሚዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ኢንሱሊን ከከተማው ይጠፋል። ባለቤቴ ቡሬ የእህል መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ከበሩ ሳይገባ "አገኘሁ" ወይም "አጣሁ" ይለኝ ነበር። ሰላምታችን ይኸው ቃል ሆኖ ነበር። ክብደቴ ሲጨምር መርፌው ይጨመራል፤ መርፌው ሲጨመር ይርበኛል፤ ስበላ እንደገና ክብደቴ ይጨምራል። ማህፀኔም ሥርዓቱን የሳተው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር ሐኪሞች ነግረውኛል።

በመጨረሻ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ ወስደው አሳከሙኝና ሐኪሞቹ ጨጓራን አሳንሶ አንጀትን በሌላ መንገድ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ነገሩኝ። ባለቤቴ ለብዙ ሳምንት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። "ደኅና ሆድ እንዴት ይቆረጣል?" ይል ነበር። በኋላ የእግሬን ጣት በመርፌ ጫፍ ሲነኩኝ እንዳልተሰማኝ ሲያይ እሱ ራሱ "ይሁን" አለ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው ጠዋት ነርሷ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች። መርፌ ትወጋኛለች ብዬ ክንዴን ገልጬ ስጠብቅ ዝም ብላ ወጣች። ማታም እንዲሁ፣ በነጋታውም እንዲሁ። ረስተውኛል ብዬ ደነገጥኩ። ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪሜ ሊያዩኝ ሲመጡ ጠየቅኋቸው።

"ዶክተር፣ ኢንሱሊኔን እኮ አልሰጡኝም።"

"አላስፈለገሽም። ስኳርሽ ወርዷል።"

"ክብደቴ ገና ንቅንቅ አላለም! እንዴት ወረደ?"

"ምንድን ነው የምታስተምሪው?"

"ሥነ ሕይወት።"

"እንግዲያማ ይገባሻል" አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ሆድን ምግብ የሚያልፍበት ቧንቧ አድርገን ነው የምናየው። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ወሬ ሲያቀብል የሚውል ነገር ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን የረሃብ ሆርሞን ይለቅና አንጎልን 'አብላኝ' ይለዋል። የታችኛው አንጀት ደግሞ ምግብ ሲደርሰው ሌሎች ሆርሞኖች ይለቃል፤ እነዚህ አንጎልን 'በቃ' ይሉታል፣ ቆሽትን ደግሞ 'ስኳር መጣልህ፣ ኢንሱሊን አውጣ' ይሉታል። እኛ አሁን ጨጓራሽን አሳንሰን፣ ምግቡ የላይኛውን አንጀት ትቶ ወደ ታችኛው ቶሎ እንዲደርስ አደረግን። መልእክቱ ቶሎ ይሄዳል፣ በርትቶም ይሄዳል። ያንቺ ቆሽት ደክሞ ነበር እንጂ አልሞተም፤ ሲጠሩት ሰማ። ጉበትሽም ምግብ ሲያንስ ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ቀንሷል። ክብደቱ ቀስ እያለ ይከተላል።"

"ዳንኩ ማለት ነው?"

"እሱን አላልኩም።" ወደ ባለቤቴም እያዩ ነበር የሚናገሩት። "አንዳንዱ ሰው ብዙ ዓመት ይቆይለታል፣ አንዳንዱን ይመለስበታል። ቫይታሚንና የደም ማነስ መድኃኒት ዕድሜሽን ሙሉ አትተዪም። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ፍሪ። ማርና ስኳር አንጀትሽ ውስጥ በአንዴ ሲወርድ መልእክቱ ከልክ ያልፋል፤ ቆሽትሽ ኢንሱሊን ያበዛና ስኳርሽ ድንገት ይወድቃል። አሁን ላያጋጥምሽ ይችላል። ዓመት አልፎ፣ ዳንኩ ብለሽ በተዘናጋሽ ጊዜ ነው የሚመጣው።"

እሳቸው ከወጡ በኋላ እጄን በፋሻው ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ያንን ሆድ ለዓመታት ስረግመው ኖሬያለሁ። ሆዳም ነኝ፣ ራሴን መግዛት ያቃተኝ ሰው ነኝ እያልኩ በየጾሙ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ውስጡ እንዲህ ያለ ጥሪና ምላሽ እንዳለ፣ የእኔ የተደበላለቀበት መሆኑን ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። አዘንኩለት። ለራሴ አካል ማዘን የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አማቴ የመጡት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ማእድ ቤት ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ገንፎ ይዘው ብቅ አሉ። መሐሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ ሞልተውበታል። ሽታው ቤቱን አወደው። ባለቤቴ ከኋላቸው እየተከተለ "እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ…" ይላል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አይጨርሰውም።

"እናቴ፣ አልችልም" አልኳቸው። "ለጊዜው ቀጭን ነገር ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።"

"ምን ያህል?"

ከአልጋው አጠገብ የነበረውን ሲኒ አሳየኋቸው። "የዚህን ግማሽ።"

ሲኒውን አንሥተው ውስጡን አዩ። "ይህማ የወፍ ነው" አሉ። ገንፎውን ይዘው ተመለሱ። ጓዳ ሆነው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ባለቤቴ ሊያባብል ሲገባ "ተወኝ!" አሉት። "ሴት ልጅ ስትተኛ የማውቀው ማብላት ነው። ካላበላኋት ምን ልሠራላት መጣሁ?"

ከሰዓት በኋላ በሌላ ነገር ተመለሱ። ከአጃ ዱቄት ውሃ የመሰለ አጥሚት ሠርተው፣ በነጭ ጨርቅ አጥልለው፣ ማር ሳይጨምሩ በጨው ብቻ አምጥተውልኝ ነበር። በትንሽ ማንኪያ ይሰጡኛል፤ እስክውጥ ይጠብቃሉ፤ እንደገና ይሰጡኛል። የሲኒው ግማሽ ሳያልቅ "በቃኝ" ስል አልተቆጡም።

"እውነት አይርብሽም?" አሉኝ አንድ ቀን።

"እውነት አይርበኝም።"

"ሰው እንዴት አይርበውም?"

ሐኪሙ የነገሩኝን በቻልኩት ነገርኳቸው። ጨጓራ ረሃብን እንደሚጠራ፣ አሁን ጥሪው እንደተቀነሰ፣ ከታች ያለው አንጀት ደግሞ ቶሎ "በቃ" እንደሚል። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ሰሙኝ።

"ረሃብን የሚጠራውን ዝም አሰኙልሽ በይኛ" አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዬ! ይህን መድኃኒት በዚያ በክፉው ቀን ብናገኘው ኖሮ።"

ሁለታችንም ሳቅን። የተሰፋው ስላመመኝ ሆዴን በእጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን ሳቁን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እንዳራስ አረሱኝ። ገላዬን ያጥቡኛል፣ ወገቤን ያሹኛል፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ እኔ ደግሞ ሲወጡ እከፍተዋለሁ። የሐኪሙን ትእዛዝ በቃላቸው ያዙት። ጊዜው ሲደርስና ወደ ወፍራም ነገር ስሸጋገር መጀመሪያ እንቁላል ወይም ምስር፣ እንጀራ ኋላ፣ ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱት ነበር። ያቺ እግሯ ታስራ የመጣችው ዶሮም ሳትታረድ ከረመች።

ሰውነቴ ሲቀንስ ሰው ማውራት ጀመረ። ድሮ "ተመችቶሻል" ያሉኝ ሰዎች አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምን አገኛት?" ይላሉ። ክፉ በሽታ ነው የሚል ነበር፤ ትዳሯ ነው የሚልም አልታጣም። አንዲት ጎረቤት አማቴን ደጅ ላይ አግኝታ ስትጠይቃቸው በመስኮት ሰማሁ።

"ምነው፣ ምራትዎ እንዲህ የሆነችው?"

"ተገላግላ ነው" አሉ አማቴ።

"ውይ! ምን ወለደች?"

"ሸክሟን።"

ሴትዮዋ መንገዷን ቀጠለች። አማቴ ስመ ጥር የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም ሰሙን ከወርቁ መለየት ከአባታቸው ቤት የወረሱት ነው። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።

ሽንዲ የተመለሱት እኔ ክፍል ገብቼ ማስተማር ስጀምር ነው። ኢንሱሊን አልተመለሰብኝም። የጣቶቼ መደንዘዝ ባይጠፋም ቀለለ። የወር አበባዬም በሥርዓቱ መምጣት ጀመረ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴ እንኳ። ሐኪሙ ሰውነትሽ እስኪረጋጋ ከዓመት በላይ ጠብቂ ብለውኝ ስለነበር ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ውስጤ ግን አንድ ነገር ማሰብ ጀምሮ ነበር። ባለቤቴም እያሰበ መሆኑን ከዝምታው አውቅ ነበር፤ አማቴም ስልክ ሲደውሉ "ሌላ ደኅና ነሽ?" የሚሏት "ሌላ" ረዘም ማለት ጀምራ ነበር።

ዓመት አልፎ፣ ክረምቱ ወጥቶ፣ በጥቅምት መጨረሻ የማርያም ማኅበር ተራ አማቴ ላይ ደረሰና ሽንዲ ሄድን። ማሩ ገና ከቀፎ መቆረጡ ነበር። ወንዶቹና ቄሶቹ ውጭ በዳሱ ሥር፣ ሴቶቹ ከውስጥ በመደቡ ላይ ተቀምጠናል። አማቴ ቄሶቹን ሊያስተናግዱ እንደወጡ የልጅነት ባልንጀራቸው ብርዝ ይዘው መጡ፤ ገና ያልተጠነሰሰ፣ በውሃ የተበጠበጠ አዲስ ማር ነው።

"ይቅርብኝ እናቴ፣ ለእኔ አይሆነኝም" አልኳቸው።

"የማርያም ነው እኮ! የማርያም ዝክር እምቢ ይባላል?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኜ ቆይቼ ስለነበር ፍርሃቴ ላልቷል፤ ማሩም አደይ አደይ ይሸት ነበር። ተቀብዬ ጠጣሁ። ጣፈጠኝና ጨለጥኩት።

ሰውነቴ መጀመሪያ ምንም አላለኝም። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ልቤ መምታት ጀመረ። ላብ በግንባሬና በጀርባዬ ወረደ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። ዓይኔ ፊት ያሉት ሴቶች ደብዝዘው ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ልናገር ስል ቃል ጠፋኝ፤ የግድግዳውን ምሰሶ ተደግፌ ዘመም አልኩ።

"ምን ሆነች? ላበቷ!"

"አዞራት!"

ከዚያ ብርዙን የሰጡኝ ሴትዮ እጃቸውን አጨበጨቡ። "እሰይ! አላልኳችሁም? ማርያም ሰጠቻት!"

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። አንዷ ታቅፈኛለች፣ አንዷ በነጠላዋ ታራግብልኛለች። አማቴ እልልታውን ሰምተው ከውጭ እየሮጡ ገቡ። ሁሉ ነገር ደብዝዞብኝ ሳለ የእሳቸው ፊት ብቻ ጥርት ብሎ ታየኝ። እንዲያ የበራ ፊት በዕድሜዬ አላየሁም። ሁለቱ እጆቻቸው አፋቸው ላይ ነበሩ።

"ስኳር…" አልኩ ምላሴ እየተሳሰረ። "ስኳሬ ወድቆ ነው።"

ብርሃኑ ከፊታቸው ሲጠፋ አየሁ። እጃቸው ግን አልዘገየም። "ልቀቋት! አየር ስጧት!" አሉ ሴቶቹን። ወደ በሩ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ። "ቦርሳዋን አምጣ! የስኳር መለኪያውን!"

ባለቤቴ በሴቶቹ መካከል ጥሶ ገብቶ ጣቴን ወጋ። ቁጥሩን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። "በጣም ወርዷል። ጥቂት ጣፋጭ ያስፈልጋታል።"

"ያመማትን መልሰን እናጠጣት?" አሉ አማቴ።

"ለጊዜው ማንሻ ነው እማዬ። ሁለት ሦስት ጉንጭ። ከዚያ ቶሎ እንቁላል።"

አማቴ ራሴን ደግፈው ብርዙን በጉንጭ በጉንጭ ሰጡኝ፤ ፍኖተ ሰላም አጥሚቱን ይሰጡኝ እንደነበረው፣ እስክውጥ እየጠበቁ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባልንጀራቸው በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። "ገደልኳት! በእጄ!" ይላሉ። አማቴ ቀና ብለው "አንቺ ምን አጠፋሽ? በፍቅር ነው የሰጠሻት" አሏቸው። ቀስ በቀስ ዓይኔ ጠራ። የተቀቀለውን እንቁላል ባለቤቴ በእጁ እየቆረሰ አጎረሰኝ።

ማኅበርተኞቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ አማቴና እኔ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ያ የበራ ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር።

"እናቴ፣ ደስታውን ሰጥቼ ነሳሁዎት" አልኳቸው።

መሬቱን በጭራሮ ጫሩ።

"አልዋሽሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ። "ለቅጽበት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ስትዘሚ ሳይ፣ ልጅም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር፣ እሷን ብቻ ተይልኝ ብዬ ማርያምን ለመንኩ።" ጭራሮውን ጣሉት። "እኔ የምጠብቀው ሌላ እንግዳ የለም። ስትመጪ አንቺ ነሽ የምትመጪው።"

ጭናቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከተጋባን ወዲህ ስለ ልጅ ማጣት ከእሳቸው ጋር በግልጽ ስንነጋገር የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማውራት አልፈራንም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ልጅ አልመጣም። ስኳሬ ባለፈው ዓመት ትንሽ ከፍ ማለት ጀምሮ ሐኪሙ አንዲት ኪኒን መልሰውልኛል። ሲነግሩኝ ልቤ ወድቆ ነበር። "ቆሽትሽ ብዙ ዓመት ደክሞ የቆየ ነው፣ ይህም ትልቅ እረፍት ነው" ብለው አጽናኑኝ። መርፌ የለም፤ ከእንስራ ሥር የሚቀመጥ ነገር የለም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሬ እሄዳለሁ። የነፍስ አባቴ በጾም ጊዜ ሰዓቴን ጠብቄ ጥቂት ጥቂት እንድቀምስ ፈቅደውልኛል፤ "ጾሙ ከጣፋጭ ይሁንልሽ" ብለውኛል። ለተማሪዎቼም ስለ ቆሽት ሳስተምር መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው አልፌ አንጀት ከቆሽት ጋር እንዴት እንደሚነጋገር እነግራቸዋለሁ፤ ሆድ አፍ አለው ወይ እያሉ ይስቃሉ።

ትንሽ መብላቴ ዛሬም ሰው ፊት ያሳቅቀኛል። በእኛ ዘንድ አንዱ እጁን ከመሶቡ ካነሣ ሌላውም ያነሣል፤ እኔ ደግሞ ገና ሰው ሳይጀምር እጠግባለሁ። ባለፈው ፋሲካ አማቴ እኛ ዘንድ ነበሩ፤ እንግዶችም ነበሩን። ሦስት አራት ጊዜ ጎርሼ ስጨርስ ዓይኔን አዩና ከፊቴ ያለውን እንጀራ በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ከእኔ ፊት እየቆረሱ በሉ። እንግዶቹ እኔ ማቆሜን ሳያውቁ ተጫውተው፣ ጠግበው ተነሡ።